የአሉሚኒየም ቮላኖ ለቮልስ፦ ሞተር ስትቀይሩ ይበጃል ወይ?

አሮጌ ቮልስ አላችሁ እንበል። 1200 ሲሲው ሞተር ደክሟል። ከማሳደስ ይልቅ 1600 ልትጭኑበት ወስናችኋል። ደግ አደረጋችሁ። ሞተር ለመቀየር ከቮልስ የቀለለ መኪና ማግኘት ይከብዳል፤ ሞተሩ ካምቢዮው ላይ የሚታሰርባቸው አራቱ ቦታዎች በ1200ውም በ1600ውም አንድ ናቸው። ታዲያ ሞተሩ ወርዶ መሬት ላይ እንዳለ አንድ ወዳጅ ብቅ ይልና «ካወረድከው አይቀር የአሉሚኒየም ቮላኖ አስገባበት፣ መኪናው ይበርልሃል» ይላል።

ምክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ እውነት አለበት። ግን ለየትኛው መኪና፣ ለየትኛው መንገድ፣ ለምን ዓይነት አነዳድ ነው? ይህ ሳይመለስ የተገዛ ቮላኖ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያስወጣው። በቮልስ ቮላኖ ለመንካት ሞተሩ የግድ መውረድ አለበት፤ ያልሆነ ነገር ከገጠማችሁ ሥራው በሙሉ ሁለተኛ ይሠራል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቮላኖ ማለት በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚቀመጠው ክብና ከባድ ብረት ነው። ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው የሞተር ዘንግ፣ ጫፍ ላይ ይታሰራል። ሞተሪኖው ዳርቻው ላይ ያለውን ጥርስ ነክሶ ሞተሩን ያስነሳበታል። ለስላሳው ፊቱ ላይ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይጣበቅና የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ ያስተላልፋል። ሦስተኛው ሥራው ግን በዓይን አይታይም፤ ጉልበት ማጠራቀም ነው።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሳያቋርጥ የሚገፋ ይመስላል እንጂ አይገፋም። ኮሎው ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ይቃጠልና ፒስተኑን ይገፋል። ግፊቱ ወዲያው ይደክማል። የቀጣዩ ሲሊንደር ተራ እስኪደርስ ሞተሩን የሚያስኬደው ቮላኖው ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት ነው። ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የእንዝርቷ ክብ ከበድ ካለች አንዴ ከሾረች ብዙ ትቆያለች፣ ቀላል ከሆነች ደግሞ ቶሎ ትነሳለች፣ ቶሎም ትቆማለች። ከባድ ቮላኖ ሞተሩን ያረጋጋዋል፣ ቀላሉ ደግሞ ያፈጥነዋል። ሁለቱን ባንዴ ማግኘት አይቻልም።

ሌላም ነገር አለ። ወሳኙ ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታም ነው። ከመሃሉ በእጥፍ የራቀ ኪሎ ለመዞር አራት እጥፍ ያስቸግራል። ስለዚህ ዳር ላይ የተቀነሰ አንድ ኪሎ መሃል ላይ ከተቀነሰ ብዙ ኪሎ ይበልጣል። ሻጩ «ይህኛው እኮ 4 ኪሎ ብቻ ነው» ሲላችሁ ቀጥሎ መጠየቅ ያለባችሁ ክብደቱ ከየት እንደተቀነሰ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። የቮልስ የፋብሪካ ቮላኖ፣ ባለ 200 ሚሊሜትር ሸራው ማለቴ ነው፣ ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። ተቆርጦ የቀለለ የብረት ቮላኖ ከ5.5 እስከ 6 ኪሎ ይሆናል። አሉሚኒየም ደግሞ በእኩል መጠን ከብረት ጋር ሲመዘን አንድ ሦስተኛው ገደማ ስለሆነ ከዚያም ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ ማለት ግን ቮላኖው በሙሉ ሦስት እጥፍ ይቀላል ማለት አይደለም። ጥርሱና ሸራው የሚያርፍበት ፊት ብረት መሆናቸው የግድ ነው። እነሱ ደግሞ ያሉት ያው ዳር አካባቢ ነው።

3 ኪሎ ቀነስን እንበል፣ ከመሃሉ በአማካይ 12 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ። በቮልስ አንደኛ ማርሽ 3.80፣ የመጨረሻው ጥርስ ደግሞ 4.375 ከሆነ (በአሮጌዎቹ ላይ የተለመደው ነው) ሞተሩ 16 ዙር ተኩል ያህል ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ይህንን አስልታችሁ ወደ መኪናው ክብደት ስትመልሱት፣ በአንደኛ ማርሽ ያ 3 ኪሎ ከመኪናው ላይ 120 ኪሎ ገደማ እንደማውረድ ይሆናል። ሁለት ሰው ከመኪናው ወረደ ማለት ነው! በአራተኛ ማርሽ ግን ያው 3 ኪሎ 7 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ጀሪካን እንኳን አይሞላም።

ቀላል ቮላኖ የሚሰጠውም የማይሰጠውም እዚህ ስሌት ውስጥ አለ። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ዙር ቶሎ ያነሳል። ነዳጅ ስትረግጡ ወዲያው ይመልሳል፣ እግራችሁን ስታነሱም ወዲያው ይወርዳል። ማርሽ ስትጨምሩ ዙሩ ቶሎ ስለሚወርድ ቅያሪው ይፈጥናል። መኪናው ግን በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄድ ለውጡ አይሰማም ማለት ይቻላል። የሞተሩ ጉልበትም አይጨምርም፣ ግማሽ ፈረስ እንኳን። በፊት ቮላኖውን ለማፍጠን ይውል የነበረው ጉልበት መኪናውን ለመግፋት ይውላል፣ ያውም ዙር እየጨመረ ባለበት ሰዓት ብቻ። ደብረ ዘይት መንገድ ላይ በቋሚ ፍጥነት ስትሄዱ የአሉሚኒየሙም የብረቱም አንድ ናቸው።

ዳገትስ? እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ የአዲስ አበባ ባለቮልስ ሁሉ ጉዳይ ይህ ነውና። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ታልፋለች። እንጦጦ ሲወጣ 3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። በከተማው ከፍታ ላይ አንድ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የ1971 ሞዴሉ 1600 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በፋብሪካ ወረቀት ላይ 50 የፈረስ ጉልበት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 38 ገደማ ቀረው ማለት ነው። በዚህ ጉልበት አራት ሰው ጭናችሁ ዳገት መሃል ላይ ትራፊክ አስቁሟችኋል። ፍሬን ለቃችሁ ልትነሱ ነው። በዚያች ሰከንድ መኪናውን የሚያስነሳው ሞተሩ ብቻ አይደለም፣ ቮላኖው ያጠራቀመውም ነው። ከባዱ ቮላኖ ያለው ሞተር ፍሪሲዮኑን ስትለቁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይይዛል። ቀላል ቮላኖ ያለው ግን እርዳታው ስለሌለ ይጠፋል። እንዳይጠፋ ነዳጅ አብዝታችሁ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተታችሁ ትነሳላችሁ። ማንሸራተት ደግሞ ሙቀት ነው፣ ሙቀቱ ሸራውን ይበላል። በቀን ሃያ ጊዜ ዳገት ላይ ቆማ የምትነሳ መኪና ውስጥ ይህ በቶሎ ይታያል።

ሚኒሞውም፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚቆይበት ዙር፣ ይረበሻል። የቮልስ ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ ከ850 እስከ 900 ዙር ላይ ተረጋግቶ ይቆማል። ቮላኖው በጣም ሲቀል በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ያለው መንገጫገጭ ይጎላና ወደ 1,000 ወይም ከዚያ በላይ ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል። ካርቡራቶሩ ያረጀ፣ አየር የሚስብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ከባድ ቮላኖ ብዙ ጉድ ይሸፍናል፣ ቀላሉ አይሸፍንም። ቮልስ ደግሞ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ የመንቀጥቀጥ የቆየ አመል አላት። የፍሪሲዮኑ ሽቦ የሚያልፍበት ተጣጣፊ ቱቦ ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር ወደ ታች መጉበጥ አለበት፤ ቀጥ ካለ መኪናዋ ስትነሳ ትንዘፈዘፋለች። ይህን ሳያስተካክሉ ቀላል ቮላኖ መግጠም መንዘፍዘፉን መጨመር ነው።

ስለዚህ በየቀኑ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ቮልስ የኔ ምክር ግልጽ ነው፤ የአሉሚኒየሙን ተዉት። ለማን ይሆናል ለሚለው ቆይቼ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከብረቱ ዓይነት ይልቅ ሰዉን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ስላለ እሱን እንጨርስ፤ ልኩ ይገጥማል ወይ?

እስከ 1967 ሞዴል ድረስ አብዛኛው ቮልስ ባለ 6 ቮልት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ 12 ቮልት ተዛወረ። ለውጡ የአምፖልና የባትሪ ብቻ አይደለም፣ ቮላኖውም ተለውጧል። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፣ የሚይዘው ሸራም ባለ 180 ሚሊሜትር ነው። ከ1500ው ሞተር ወዲህ የተለመደው የ12 ቮልቱ ቮላኖ 130 ጥርስ አለው፣ ሸራው ባለ 200 ነው። ሁለቱን የሚያደባልቁም አሉ፤ 130 ጥርስ ሆኖ ባለ 180 ሸራ የሆነ ለ1200 የተሠራ ቮላኖ አለ፣ 109 ሆኖ 200 የሚይዝም አለ። ስለዚህ የሞዴል ዓመት አይታመን። ቁጠሩ። ጥርሱን በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ የሸራውንም ዲያሜትር በሜትር ለኩ።

ይህ ሁሉ ለምን? 1600ው ሞተር ሲመጣ ከኮሎው ላይ 130 ጥርስ ያለው ቮላኖ ይዞ ነው የሚመጣው። መኪናችሁ ባለ 6 ቮልት አሮጌ ካምቢዮ ካላት ያ ቮላኖ ለካምቢዮው ቤት ይሰፋበታል። ይነካል። የቤቱን የውስጥ ግድግዳ በሞላጭ ማንሳት ይኖርባችኋል። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን ዱቄቱ ወደ ኩሽኔታ እንዳይገባ በደንብ መሸፈን ያሻል። የሞተሪኖው ጥርስም ከ130ው ጋር መግጠም አለበት፣ ስለዚህ ባለ 12 ቮልት ሞተሪኖ ያስፈልጋል። የእሱ ዘንግ ጫፍ ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ካለው የቀድሞ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ይቀጥናል፣ ከ12.5 ሚሊሜትር ወደ 11 ገደማ ነው የሚወርደው። ለዚህ የሚሆን ማጥበቢያ ቡሽ አለ፤ ሳያስገቡ መግጠም ሞተሪኖው እንዲንጠለጠልና ጥርሱን እንዲበላ መፍቀድ ነው።

ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነው የፍሪሲዮኑ ፕሌትም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። እስከ 1970 ሞዴል የነበሩት ካምቢዮዎች ገፊ ኩሽኔታቸው መሃል ላይ ቀለበት ያለው ፕሌት ይፈልጋል። ከ1971 ወዲህ ኩሽኔታው በመሪ ቱቦ ላይ ስለሚንሸራተት ፕሌቱ ቀለበት የለውም። አሮጌ ካምቢዮ ላይ አዲሱን ሞተር ስትጭኑ ፕሌቱ ከካምቢዮው ጋር ይዛመድ እንጂ ከሞተሩ ዓመት ጋር አይደለም። ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ሞተሩን መልሶ እንዲያወርድ ያደርጋል።

ዘይት መከላከያውንም እዩ። የቆዩት ኮሎዎች ከቮላኖው ጋር ሲገናኙ መሃላቸው ስስ ጋስኬት ይገባል። በኋላ የመጡት ግን ቮላኖው ውስጥ በተቆረጠ ጎድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ ክብ የጎማ ቀለበት አላቸው። ጎድጓድ ያለው ቮላኖ ጋስኬት አይፈልግም፤ ሁለቱንም ካደረጋችሁ ቮላኖው በደንብ አይቀመጥም።

እንግዲህ ልኩ ታወቀ። አሁን የአሉሚኒየሙን ቮላኖ እጃችን ላይ እናድርገውና እንየው።

በመጀመሪያ ፊቱን። ሸራ በባዶ አሉሚኒየም ላይ መሥራት አይችልም፤ አሉሚኒየሙ ለስላሳ ነው፣ ይላጫል። ጥሩው ላይ በቡሎን የታሰረ የብረት ሳህን አለ፣ ሲያልቅ ሳህኑ ብቻ ይቀየራል። አሮጌ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው፤ ሳህኑ ቃጠሎ ሰማያዊ አድርጎት እንደሆነ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ስታስቀምጡበት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የሚያስሩት ቡሎኖች የላሉ ከሆነ ይለፋችሁ። የሚቀየር ሳህን በገበያ የማይገኝለት ከሆነም ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አንድ ሸራ ዕድሜ ብቻ ነው የገዛችሁት።

ጥርሱም እንዲሁ የተለየ የብረት ቀለበት ነው። የቮልስ የፋብሪካ ቮላኖ ጥርሱ ከራሱ ከብረቱ ላይ የተቆረጠ ስለሆነ ተነቅሎ አይወጣም፤ በአሉሚኒየሙ ላይ ግን ተጠምቆ ወይም በቡሎን ታስሮ የሚገባ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ ሲበርድም በዚያው ልክ ይሰበሰባል። በሙቀትና በብርድ መካከል ስንት ሺህ ጊዜ የሚመላለስ ዕቃ ላይ ተጠምቆ ብቻ የተቀመጠ ቀለበት አስተማማኝ አይደለም። በቡሎን ወይም በፒን የታሰረውን ምረጡ።

ለቮልስ ግን ከሁሉም የሚከብደው መሃሉ ነው። የሌሎች መኪኖች ቮላኖ ኮሎው ላይ በስድስትም በስምንትም ቡሎን ይታሰራል። የቮልስ ቮላኖ የሚታሰረው በአንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ነው፣ ባለ 36ቱ። ጉልበቱን የሚያስተላልፉት ደግሞ ኮሎውና ቮላኖው መካከል የሚገቡ አራት ባለ 8 ሚሊሜትር ፒኖች ናቸው። ዳዶው በደንብ ካልጠበቀ ቮላኖው ትንሽ ትንሽ መወዛወዝ ይጀምርና የፒኖቹ ቀዳዳዎች እየሰፉ ይሄዳሉ። ብረት ላይ እንኳን ይህ የሚታወቅ በሽታ ነው፤ ኮሎው ሳይቀር ይበላሻል። ለስላሳ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ከዚህ በላይ በቮልስ የቮላኖው እምብርት ሁለት ተጨማሪ ሥራ አለው። ዋናው የዘይት መከላከያ ጎማ («ሲል» የሚባለው) ከንፈሩን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። የኮሎውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት የሚወስኑት ሦስት ስስ ቀለበቶችም የሚታሹት በእሱ ላይ ነው። አሉሚኒየም ይህን ሁሉ አይችልም። ስለዚህ ለቮልስ የሚሆን የአሉሚኒየም ቮላኖ እምብርቱ፣ ፒኖቹ የሚገቡበትም ሲሉ የሚያርፍበትም፣ ብረት መሆን አለበት። ካልሆነ አትግዙት። ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ጠንከር ያለ ሞተር የሚሠሩ ሰዎች በአራቱ ፒን ላይ አራት ጨምረው ስምንት ያደርጉታል። ለ1600 የፋብሪካ ሞተር አራቱ ይበቃሉ፣ ዳዶው በልኩ ከጠበቀ።

ሙቀትን በተመለከተ ለአሉሚኒየም የሚነገርለት አንድ መልካም ነገር አለ። ሙቀት ከብረት አራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያሳልፋል፣ ስለዚህ ከሸራው ፊት ሙቀቱን ቶሎ ወስዶ ይበትነዋል። ለውድድር ጥሩ ነው። ግን ሰውነቱ ስለቀለለ ብዙ ሙቀት የማከማቸት አቅም የለውም፤ ዳገት ላይ በተደጋጋሚ ለሚንሸራተት ፍሪሲዮን ይህ ቁምነገር ነው።

ታዲያ መሃል መንገድ የለም? አለ፣ እኔም የማምነው በእሱ ነው፤ የቀለለ የብረት ቮላኖ። የቮልስ የፋብሪካ ቮላኖ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት ስለሆነ ጥሩ ቶርኖ ቤት ከጀርባው ዳር ላይ ቆርጦ ወደ 6 ኪሎ ሊያወርደው ይችላል። እምብርቱ እንዳለ ይቆያል፣ ፊቱም እንዳለ፣ ጥርሱም። መቆረጥ ያለበት ከጀርባ፣ ከውጭኛው ዳር ነው። ከሸራው ፊት በስተጀርባ ያለውን ማሳሳት የለበትም፣ ፊቱ ሙቀት ሲያገኝ ይጣመማልና። መሃሉንም መንካት የለበትም። ከተቆረጠ በኋላ ለብቻው፣ ከዚያም ከፕሌቱ ጋር ሆኖ ሚዛኑ መለካት አለበት። ሚዛን የሌለው ቮላኖ በ4,000 ዙር ላይ የኮሎውን ኩሽኔታዎች ይጨርሳል።

ይህን ግን ለሌላ መኪና እንዳለ አትውሰዱት። ብዙ የቆዩ መኪኖች ቮላኗቸው በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ የሚሰነጠቅ ዓይነት። እሱን ቆርጦ አሳስቶ ከፍተኛ ዙር ላይ ማዞር አደገኛ ነው። ቮላኖ በከፍተኛ ዙር ሲፈነዳ ቁርጥራጩ የካምቢዮውን ቤትና የመኪናውን ወለል በስቶ ይወጣል። የሰው እግር የሚቆረጥበት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የመኪና ውድድር ላይ ኤስ ኤፍ አይ 1.1 የሚባል የደህንነት ደረጃ ያለው ቮላኖ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። የአሉሚኒየም ቮላኖ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ያ ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ ቢያንስ ተሠርቶ የተፈተነ መሆኑን ይነግራችኋል።

ውጭ አገር ሆናችሁ በአሜሪካ መኪና ላይ የምትሠሩም አላችሁ፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። እዚያ ዋናው ጣጣ ሚዛን ነው። የፎርድ 302 ሞተር ቮላኖ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ክብደት አለ፤ በአሮጌዎቹ 28 አውንስ የሚባለው ነው፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ባሉት ደግሞ 50። የአንዱን ለሌላው ከገጠማችሁ ሞተሩ ራሱን ያራግፋል። በሼቭሮሌ ትንሹ ቪ8 ላይ ደግሞ 153 እና 168 ጥርስ ያላቸው ሁለት መጠኖች አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የኮሎው ጫፍ ሲለወጥም የቡሎኖቹ ክበብ ጠቧል። ቮልስ ላይ የሱባሩ ኢጄ ሞተር የሚጭኑት ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ የሱባሩ ኮሎ በስምንት ቡሎን ነው የሚታሰረው፣ ስለዚህ ማገናኛ ሳህንና ለዚያ ተብሎ የተሠራ ቮላኖ አብረው ይገዛሉ፣ ከተለያየ ቦታ አይቀላቀሉም።

የአሉሚኒየም ቮላኖ ለማን ነው ላልኩት አሁን ልመልስ። የቮልስ ሻሲ ላይ ቀላል አካል አድርጎ አሸዋ ወይም ውድድር ሜዳ ላይ ለሚነዳ፣ ካምሻፍቱም ካርቡራቶሩም ለከፍተኛ ዙር ተለውጦ ሞተሩን ከ5,000 በላይ ለሚያሠራ፣ ትራፊክና ዳገት ለሌለበት። የመኪናው አካል በቀለለ ቁጥር ለመነሳት የሚጠይቀው የተጠራቀመ ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ የቀላል ቮላኖ ጉዳቱ ይጠፋል፣ ጥቅሙ ይቀራል። ለዚህ ሰው ይገባዋል፣ ዋጋውንም ያወጣል። ከልጆቹ ጋር ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ ለሚወጣ ሰው ግን የፋብሪካው ቮላኖ ከሁሉም ይሻላል፤ ትንሽ ቅልጥፍና ከፈለገ የቀለለው የብረቱ።

የቱንም ብትመርጡ አገጣጠሙ ላይ መቸኮል አይገባም። ኮሎው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ልክ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው። በመጀመሪያ ሲሉን ሳታስገቡ፣ ከሦስቱ ቀለበቶች ሁለቱን ብቻ አድርጋችሁ ቮላኖውን እሰሩ። በዳያል ጌጅ፣ ማለትም የሚሊሜትር መቶኛን በሚያሳየው ባለ ሰዓት መለኪያ፣ ለኩ። ካገኛችሁት ላይ 0.10 ቀንሱ፣ የቀረው የሦስተኛው ቀለበት ውፍረት ነው። ከዚያ ፍቱት፣ ሦስቱንም አስገቡ፣ ሲሉን አስገቡ፣ የጎማ ቀለበቱን ዘይት ቀብታችሁ አስገቡ። ሦስት ቀለበት ነው፣ ሁለትም አራትም አይደለም። «ቮላኖው ካሮጌው ጋር አንድ ነው፣ መለካት አያስፈልግም» የሚል ካለ አትስሙት፤ እያንዳንዱ ቮላኖ እምብርቱ በትንሹ ይለያያል።

ዳዶው 340 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። በእጅ ግምት አይሆንም። አንድ ሰው ቮላኖውን በጥርሱ አግቶ ይያዝ፣ ሌላው በረጅም ቧንቧ ይጠምዝዝ፤ ትልቅ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ከሌለ ክብደቱን የሚያውቅ ሰው ከዳዶው መሃል በትክክል አንድ ሜትር ርቀት ላይ 35 ኪሎ ያህል ጫና ያሳርፍ፣ ቧንቧው አግድም ሆኖ። ዳዶው ውስጥ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት የመርፌ ኩሽኔታ አለ፣ ትንሽ ግሪስ ብቻ ይበቃዋል። ከበዛ ሸራው ላይ ይረጫል። የፕሌቱ ስድስት ቡሎኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ቀስ በቀስ ወደ 25 ኒውተን ሜትር ይጥበቁ። በአሉሚኒየም ላይ ደግሞ ከዚያ ማለፍ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ጥርስ መላጥ ነው።

ሞተሩ ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ፍሪሲዮኑን አታንሸራቱት፣ ሸራውና ፊቱ ይላመዱ። ሚኒሞውን ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ አስተካክሉ። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ሥር የዘይት ጠብታ ካያችሁ በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። የካምቢዮ ዘይት የሰልፈር ሽታ አለው፣ ይከብዳል። የሞተር ዘይት ከሆነ ሲሉ ወይም የጎማ ቀለበቱ በደንብ አልገባም ማለት ነው። የካምቢዮው ከሆነ ግን ቮላኖውን አትንኩት፤ የሚያፈሰው የካምቢዮው የግቤት ዘንግ ሲል ነው፣ ሞተሩ ሲወርድ እሱ ብቻ ይቀየራል።